ለሰው ሁሉ የሚነሣው አባቴ

አባቴን ተቀምጦ ያገኘው እንግዳ የለም። ቄስ ቢገቡ ይነሣል፤ የቤት አከራያችን ቢገቡ ይነሣል፤ ወንፊት ልትዋስ የመጣች የጎረቤት ልጅ በሩ ላይ ብቅ ብትል እንኳ መደቡን በመዳፉ ገፍቶ ብድግ ይልና «ኖር» ይላል። እማዬ፣ «ኧረ ለሷ እንኳ ተው ይሻው፣ ልጅ ናት» ስትለው፣ «ልጅም ብትሆን ሰው ናት» ብሎ ይመልስላታል። ደብረ ታቦር፣ በእኛ ሰፈር፣ የሰው አስተዳደግ የሚታወቀው በዚህ ነበር። እኔም የሁለተኛ ክፍሏ አዲስዓለም፣ ከአባቴ የበለጠ ጨዋ፣ ከአባቴም የበለጠ ጤነኛ በአገሩ የለም ብዬ አምን ነበር።

ጤነኛ ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ከገሳይ ከተማ ወዲያ በሚሠራው መንገድ ላይ ግንበኛ ሆኖ ሲሠራ የድንጋይ ካብ ተንዶበት ሆስፒታል ገብቶ ነበር። ሰነበተና ወጣ። ጎረቤቱ «እንኳን እግዜር ማረህ» ሊለው መጣ፤ እሱም ለእያንዳንዱ ተነሣ። የወደቀ ሰው ከተነሣ ሌላ ምን ቀረ? ለእኔ ነገሩ እዚያው ላይ አለቀ።

ከዚያ ወዲያ አባቴ ሥራ መሄድ ትቶ ቤት መዋል ጀመረ፤ እንዲያ ያለ ደግ ዘመን አላየሁም። ጠዋት ጠዋት መደቡ ላይ ተቀምጦ ያንን ትልቅ የሥራ ቦት ጫማውን ወደ እኔ ይዘረጋና፣ «ነይ እስቲ፣ ማሰሪያ መቋጠር ላለማምድሽ» ይለኛል። እኔ የማደርገው ፕላስቲክ ጫማ ስለነበር ከቤታችን ማሰሪያ ያለው የሱ ቦት ብቻ ነው። ምላሴን አውጥቼ ጥብቅ አድርጌ አስርለታለሁ። ዝቅ ብሎ ሳያይ፣ ከላይ ሆኖ በዓይኑ ገረፍ ያደርገውና «ገና ነሽ፤ ነገም ትሞክሪያለሽ» ይላል። ሌላም ጨዋታ ነበረን፤ ዕቃ መሬት ሲወድቅ ማን ቀድሞ እንደሚያነሣ እንወዳደራለን። ሁልጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። እንግዳ ተነሥቶ ከተቀበለ በኋላ ደግሞ «እስቲ ድንቹን ልየው» ይልና ወደ ጓሮ ይወጣል። እንደዚያ እየታየ እንደዚያ የቀጨጨ ድንች በፋርጣ ምድር አልነበረም።

አንድ ቀን «የሕክምና ቦርድ ፊት ትቀርባለህ» ተባለና አብሬው ሄድኩ። እማዬ ጋቢውን አጥባ፣ ጸጉሩን አበጥራ እንደ ሙሽራ አድርጋ ነው የሰደደችው። በሩ ስላልተዘጋ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ሁሉን አየሁ። ሐኪሞቹ አንድ በአንድ ገቡ። አባቴ ለመጀመሪያው ተነሣ፤ ተቀመጠ፤ ለሁለተኛው ተነሣ፤ የመጨረሻው ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ ነበር፣ ለሱም ቀጥ ብሎ ቆመ።

«እንዴት ነዎት አባት?» አለው ልጁ ሐኪም።

«እግዜር ይመስገን።»

«ሕመሙስ?»

«ኧረ ምንም አይል። ተመስገን ነው።»

«ሲነሡ ሲቀመጡ ያስቸግርዎታል?»

«ይኸው ተነሥቼላችሁ የለ?» አለ አባቴ። ሐኪሞቹ ሳቁ። እኔም በሩ ሥር ሆኜ ሳቅኩ፤ እንዲህ ያለ አባት ያለው ሰው ምን ይጎድለዋል እያልኩ።

ውጤቱ ሲመጣ «ለሥራ ብቁ ነው» ይላል። ብቁ የሚባለው እኛ ትምህርት ቤት ደረጃ የሚወጣ ልጅ ነው። ቤት ለቤት ዞሬ «አባዬ ብቁ ተባለ» ብዬ ተናገርኩ። ስመለስ እማዬ በሩ ላይ ጠብቃ ጭኔን ቆነጠጠችኝ። ለምን እንደሆነ ብትገድሉኝ አይገባኝም ነበር።

ዛሬ ይገባኛል። የመንገድ ሥራ ድርጅቱ «ከእንግዲህ አትችልም» ብሎ ካሰናበተው ቆይቶ ነበር፤ ቦርዱ ደግሞ «ትችላለህ» ብሎ መለሰው። ደመወዝ በዚያ ማዶ፣ የጉዳት ጡረታ በዚህ ማዶ ሆኖ አባቴ ወንዙ መሀል ቀረ። ያን ጊዜ ግን የማየው እማዬ ሰው ግቢ ልብስ ለማጠብ በጠዋት ስትወጣ ብቻ ነው።

ሰንበት ላይ የእማዬ እኅት አክስቴ ትዝታ ከገሳይ መጣች። እዚያ ለሾፌሮች ሻይ ቤት ነበራት። የተኛሁ መስሏቸው ሲያወሩ ሰማኋቸው።

«ሙሉ፣ ልጅቱን ስጭኝና ልውሰዳት» አለች አክስቴ። «ብርጭቆ ታጥባለች፣ ሕፃኑንም ታዝልልኛለች። አንድ አፍ ይቀልልሻል።»

«ትምህርቷስ?»

«ትምህርት የት ይሄዳል፤ ሲሻላችሁ ትመለስበታለች። እሱ ግን ምን ይላል?»

«ምን ይላል፣ ደኅና ነኝ ይላል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» አለች እማዬ፤ ድምፅዋ ቀጥኖ። «የዚህ ጡረታ ነገር ካልሆነ ክረምት ሳይገባ ትወስጃታለሽ።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍም ጨዋታም አልረጋልኝ አለ። ከገሳይ በኩል ሚኒባስ ጡሩምባ ባሰማ ቁጥር ሮጬ ጓዳ እገባለሁ።

መንገዱን ያሳየን የጨርቅ ነጋዴው አቶ ዩኑስ ናቸው። አባቴ የመጋዘናቸውን ግንብ የሠራላቸው ጊዜ ወዳጅ ሆነዋል። ሱቃቸው ደጃፍ አግኝተውን፣ «ይሻው፣ ዝም ብለህ ልትቀር ነው? ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» አሉት።

«ለማን ልናገር ዩኑስ? ሐኪሞቹ እንደሁ ፈርደዋል።»

«ሀናን አለችልህ። ልጄ ሕግ ተምራ ለአቅመ ደካማ በነፃ ከሚከራከሩት ዘንድ ነው የምትሠራው።»

«እኔ ነኝ አቅመ ደካማ?»

«ሂድ ብያለሁ» አሉት አቶ ዩኑስ፤ ክርክሩን እንደ ጨርቅ ቆረጡት።

የሀናን ቢሮ ከፍርድ ቤቱ አጥር ጀርባ ያለ፣ የፕላስቲክ ወንበር የተደረደረበት አንድ ክፍል ነው። ሻሿን በልኩ የጠመጠመች ቀጭን ልጅ ናት፤ ስትገባ አባቴ ብድግ አለ። ሰላምታውን ትታ እጁን አየች። የወንበሩን ጠርዝ አንቆ የያዘ እጅ ነበር። የግንበኛ እጅ አይታ አታውቅም ማለት ነው አልኩ። ከዚያ ምንም ሳትናገር ወጣችና ተመልሳ ገባች። አባቴ ተነሣ። ደግማ ወጣች፤ ገባች። ተነሣ። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ አለ።

«ጋሽ ይሻው፣ ቦርዱም ፊት እንዲህ ነው የተነሡት?»

«ታዲያስ? ሐኪም ሲገባ ተጎልቼ ልጠብቅ?»

«አገኘሁት» አለች ሀናን፤ ለራሷ ነው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። «ይግባኝ እንላለን። ባሕር ዳር ይግባኝ ሰሚ ጉባዔ ፊት እንቀርባለን። እዚያ ግን ማንም ቢገባ አይነሡም።»

«አልነሣም?»

«አይነሡም። ስለሚያምዎት አይነሡም።»

«ዳኛ ቢሆንስ?»

«ዳኛም ቢሆን።»

«ጳጳስ ቢገቡስ?»

ሳቋ መጣ። «ጳጳስ ከገቡ ያኔ እንመካከራለን። አሁን እንለማመድ፤ እኔ ሰብሳቢ ነኝ።» ወጣች፣ ገባች፤ አባቴ ተነሣ። «አልሆነም» ብላ ወጣች፣ ገባች፤ ተነሣ። ሲጨንቃት ቁጭ አለችና፣ «እሺ፣ እንዴት አደሩ ጋሽ ይሻው?» አለችው።

«እግዜር ይመስገን።»

«ይመስገን፤ እኔም አመሰግነዋለሁ። ከምስጋናው ቀጥለው ግን ወገብዎን ይንገሩኝ።»

«ወገቤ ምን አለው ብለሽ ነው።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ጋሽ ይሻው።»

አባቴ ወደ እኔ ዓይኑን ወርወር አደረገና መልሶ ወደ መሬት አየ። «በልጄ ፊት?» አለ፤ ለመስማት ጆሮዬን ማቅናት ነበረብኝ። ሀናን ዞር ብላ አየችኝና «አዲሴ፣ እስቲ አባባ ዩኑስ ሱቅ ሂጂና የከረሜላ ስጡኝ በያቸው» አለችኝ።

ከረሜላውን እየመጠጥኩ ነገሩን ሁሉ ደረስኩበት። ይቺ ሴት አባቴን ውሸት እያስተማረችው ነው። ያላመመውን «አመመኝ» እንዲል፣ ሰው ሲገባ እንደ ባለጌ እንዲጎለት። እኔ እንዳልሰማም አስወጣችኝ። መርጌታ ብርሃኑ በሰንበት ትምህርት ቤት በሐሰት የማለ ሰው ምን እንደሚያገኘው ነግረውናል። አባቴ ከዋሸ ይቀሠፋል፤ ካልዋሸ እኔ ገሳይ እሄዳለሁ። እስከ ቀጠሮው ቀን ይኸን እያገላበጥኩ ጥፍሬን በልቼ ጨረስኩ።

የቀጠሮው ዕለት እማዬ ሥራዋን ልትቀር አልቻለችም። አባቴ «አዲሴ ትከተለኝ» አለ። ጫማውን አሰርኩለት፤ «ገና ነሽ» አለኝ። ሀናን መናኸሪያ ጠብቃን ሦስታችን ሚኒባስ ተሳፈርን።

አባቴ እንደዚያ ቀን ሲቁነጠነጥ አይቼው አላውቅም። አንዴ በግራ ጎኑ፣ አንዴ በቀኙ፣ አንዴ የፊቱን ወንበር ጨብጦ ከመቀመጫው ከፍ ይላል። ወረታ ሳንደርስ ሾፌሩን «ልጄ፣ አንዴ አቁምልኝ፤ ልጅቱ ሽንቷን ትሽና» አለው። እኔ ሽንቴ አልመጣም። ወረድን፤ እሱ ሁለት እጁን መኪናው ላይ ደግፎ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ሐሙሲት ላይ ደግሞ የገበያ ቀን ነበርና መንገዱ በአህያና በሰው ተጨናንቆ መኪናው ቆሞ ሲንቀሳቀስ፣ ቆሞ ሲንቀሳቀስ፣ አሁንም «ልጅቱ…» አለ። ተሳፋሪው «ይቺን ልጅ ምን አጠጥታችኋት ነው» ብሎ ሳቀብኝ። ሽንቴ እንዳልመጣ ልናገር አፌን ስከፍት የአባቴን ፊት አየሁና ዘጋሁት። ሊዋሽ ስለሆነ ፈርቶ ነው ብዬ አዘንኩለት። እኔም ፈርቼ ስለነበር አብረን ተቁነጠነጥን።

የጉባዔው አዳራሽ ውስጥ ባለ ጉዳዮች አግዳሚው ላይ ተደርድረዋል። የጎን በሩ ሲከፈት ሁሉም ተነሣ። የሀናን እጅ አባቴ ትከሻ ላይ አረፈ። ጣቶቹ አግዳሚውን ሲያንቁት አየሁ፤ «ኖ…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። አዳራሹ በሙሉ ቆሞ አባቴ ብቻ ተቀመጠ። እሱ ተቀምጦ እኔ ቆሜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁመታችን እኩል ሆነ።

የገቡት ሰብሳቢው፣ አንዲት ሽበታም ሐኪምና ሌሎችም ነበሩ። ተራችን ደርሶ ወደ ፊት ስንጠራ፣ ሰብሳቢው ወረቀቱን እያገላበጡ ፈገግ አሉ። «አባት፣ ቅድም አይቼዎታለሁ። በእናንተ አገር ሰው ሲገባ አይነሡም እንዴ?» አሉት።

ከኋላ ሰው ሳቀ። አባቴ አንገቱን ደፋ፤ ጆሮው እስኪቀላ ድረስ አፈረ። ለሰው ሁሉ የሚነሣው አባቴ። ያን ጊዜ ቅሥፈቱም ገሳይም ከራሴ ጠፋ።

«አባዬ ባለጌ አይደለም» አልኩ። «ለሰው ሁሉ ይነሣል። ወንፊት ልትዋስ ለምትመጣው ልጅ እንኳ ይነሣል። አትነሣ ያለችው እሷ ናት።» በጣቴ ሀናንን አሳየሁ።

ሰብሳቢው ፈገግታቸውን ትተው ወደ ሀናን ዞሩ። «እንዲህ ነው እንዴ ነገሩ?»

ሀናን ወረቀቶቿን መግለጥ ጀመረች። አባቴ «አዲሴ፣ በቃሽ» አለኝ። ሽበታሟ ሐኪም ግን እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ዝም አሰኙና ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ነይ እስቲ የኔ ልጅ። ለሰው ተነሥቶ ሲያበቃ ምን ያደርጋል?»

«ድንቹን ሊያይ ወደ ጓሮ ይሄዳል።»

«ሲያይ አይተሽዋል?»

«አዎ። አጥሩን ይዞ፣ ጋቢውን ነክሶ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያየው።»

የሳቀው ሰው ሳቁን አቆመ። ሐኪሟ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቤት ሲውልስ ምን ይሠራል?»

«ያስተምረኛል» አልኩ፤ ይኼኛው እንኳ የሚያኮራ ነበር። «ጫማ ማሰር። በየቀኑ አስርለታለሁ። ዛሬም ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«እስካሁን አልቻልሽበትም?»

«ችያለሁ። እሱ ነው ገና ነሽ የሚለኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያስተምርሽ?»

«ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ።»

ሐኪሟ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። አባቴ የጋቢውን ጫፍ ወደ ፊቱ ስቦ ተከናነበ፤ ትከሻው ይነቃነቃል። ሰብሳቢው «አባት፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉት። ከዚያ በኋላ ስለ ራጅ፣ ስለ ሌላ ሆስፒታል፣ «በአግባቡ እንደገና ይመርመር» ስለሚል ነገር ረጅም ወሬ ሆነ። እኔ አንዱንም አልሰማሁ። አባቴን በሰው ፊት ያስለቀስኩት እኔ ነኝ ብዬ በቁሜ ደርቄ ነበር።

ስንመለስ ሀናን በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች ቆይታ ቆይታ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። አኩርፋኛለች አልኩ፤ ነገሩን አበላሽቼባታለሁ። ያን ያህል የተደከመበት ውሸት በአንድ አፍ ፈረሰ። ቤት እንደደረስን ደብተሮቼን ፌስታል ውስጥ ከትቼ ከመደቡ ሥር ሸጎጥኩ፤ አክስቴ ስትመጣ ዝግጁ እንድሆን።

ሀናን ያን ቀን የተዘጋጀችበትን ክርክር ሳታነበው መቅረቷን የነገረችኝ ካደግሁ በኋላ ነው። እኔ አሁን አፀደ ሕፃናት አስተማሪ ነኝ። ጫማ ማሰር የከበደው ልጅ ቢዘገይ ሳምንት ነው። አባቴ እኔን ከመስከረም እስከ ሰኔ አስተማረኝ። ክፍሌ ውስጥ አንድ ሕፃን እግሩን ወደ እኔ በዘረጋ ቁጥር ያ የአባቴ እግር ነው የሚታየኝ፤ እስካሁንም ያንገበግበኛል።

ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን አልረጋ አለ። አባቴ ለሌላ ምርመራ ሄደ፣ መጣ፣ ደግሞ ሄደ። እማዬ ስልክ በጮኸ ቁጥር እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ትሮጣለች። ድንቹ ተቆፍሮ ወጣ፤ ዝናቡ ጀመረ፤ ፌስታሌ ከመደቡ ሥር ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው በሩ ተንኳኳ። እማዬ ከፈተች። ሀናን ናት፤ ጃንጥላ የላትም፤ ሻሿ ከራሷ ተጣብቋል። አባቴ መደቡ ላይ ተጋድሞ ነበር። ሲያያት በክርኑ ተደገፈ፤ መዳፉን ግድግዳው ላይ ጣለ፤ መነሣት ጀመረ።

በአገራችን ደንብ ይኸኔ እንግዳው «በእግዜር፣ አይነሡ» ብሎ ቶሎ ያስቀምጣል። ሀናን ግን አይነሡ አላለችውም። እማዬ ልትደግፈው ስትንደረደር ሀናን በእጇ ያዘቻት። ደጃፉ ላይ፣ ጫማዋ ጭቃ ውስጥ፣ ዝናቡ ጀርባዋን እየደበደበው ቆማ አየችው። አባቴ አንድ ጉልበቱን አቀና፤ አረፈ፤ ተነፈሰ፤ ሌላውን አቀና። ከድሮው ብድግ ብሎ ከመነሣቱ ጋር ምንም የማይገናኝ መነሣት ነበር። ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ቆሞ ማየት ምን የሚሉት ብልግና ነው እያልኩ በሀናን ላይ ጥርሴን ነከስኩ።

አባቴ ቀጥ አለ። ላቡን በጋቢው ጠረገ።

«ኖር» አላት።

«በፈጣሪ፣ ጋሽ ይሻው» አለች ሀናን። «አሁን ይቀመጡ።» ከዚያ ነው የገባችው፤ ከገባች በኋላ ነው «ጡረታው ተፈቅዶልዎታል» ያለችው። እማዬ መሬቱን ተንበርክካ ሳመች፤ አክስቴ ትዝታ እንዳትመጣ ዛሬውኑ ደውይላት ብዬ የቀሚሷን ጫፍ ጎተትኩ። በጉባዔው ፊት ያስቀመጠችው ሀናን ናት፤ ዜናውን በአፏ ይዛ እስኪነሣላት የጠበቀችውም እሷው ናት። ይኼኛውም ዘግይቶ ነው የገባኝ።

አባቴ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። እኔ ወደ ጓሮው በር አየሁ፤ እንግዳ ከተቀበለ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁና። ድንቹ ተነቅሎ ማለቁ ትዝ አላለኝም። እሱ ግን ወደዚያ አልዞረም። እኔንም ሀናንንም ደኅና አድርጎ አየንና ወደ እማዬ ፊቱን መለሰ።

«ሙሉ» አላት፣ «እስቲ ትራስ አቀብይኝ። ወገቤን ክፉኛ አሞኛል።»